የውሃን ድፍርስነት በብርሃን መለካት፦ መሣሪያውን ከባዶ መሥራት

በክረምት የወንዝ ውሃ ድፍርስ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ ዓይን ይበቃል። መሣሪያ የሚያስፈልገው ውሃው «ጠራ» ከተባለ በኋላ ነው። በብርጭቆ የተቀዳ ውሃ ለዓይን ደብዘዝ ብሎ መታየት የሚጀምረው ድፍርስነቱ 4 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ሲደርስ ነው። ክሎሪን ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ኤንቲዩ በታች የሆነ ውሃ ይመክራል፤ ለአነስተኛ የውሃ ተቋማት ደግሞ ቢያንስ ከ5 በታች እንዲሆን ያሳስባል። ከ1 እስከ 4 ያለውን ውሃ ዓይን ንጹሕ ነው ብሎ ያልፈዋል። እዚያ ላይ የሚደርስልን ወደ ጎን የተበተነ ብርሃን ነው።

ለምን ወደ ጎን? ብርሃን 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ብልቃጥ ውስጥ 1 ኤንቲዩ ውሃን ቢያቋርጥ፣ ከ100 እጅ 99 ያህሉ ምንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከፊት ለፊት ብንለካ የምንፈልገው ያቺን የጎደለች 1 እጅ ነው፤ አምፖሉ ራሱ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዋዥቃል። በ90 ዲግሪ ከጎን ብንቆም ግን ቅንጣት ከሌለ ብርሃን የለም፤ ቅንጣት ካለ ብርሃን አለ። ትንሽ ነገር በጨለማ ላይ ሲታይ ትልቅ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ሁሉ ዋናው ክፍል ጨለማው ነው። አምፖሉም ዳሳሹም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጨለማ ስለመጠበቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ በዓይን

ሽቦ ከመበየዳችሁ በፊት ብርሃን እንዴት እንደሚበተን በዓይናችሁ እዩ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ፤ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን፣ 2 ሊትር ውሃ ሙሉበት። የስልካችሁን ባትሪ (መብራቱን) 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ጥቁር ወረቀት ሸፍኑና ከአንዱ ጫፍ አስደግፉት። ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፤ ክፍሉንም አጨልሙ።

ቅባቱ የወጣለት ወተት 1 ሚሊ ሊትር በ9 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኑ። ከቀጠነው 1 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ጨምሩ፣ በቀስታ አማስሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ተመልከቱ፣ ድገሙ። ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ባለው መካከል ጨረሩ ከጎን ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከሌላው ጫፍ ቀጥታ ወደ ባትሪው ስትመለከቱ ደግሞ ብርሃኑ ቢጫ፣ ቀጥሎም ብርቱካናማ እየሆነ ይሄዳል። የስልክ ኤልኢዲ ቀይ ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ ብርቱካናማው ደብዘዝ ይላል፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል ያለበት የእጅ ባትሪ ካገኛችሁ ይበልጥ ያምራል።

ምክንያቱን በ1871 ሎርድ ሬይሊ በስሌት አሳይቷል። ቅንጣቱ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም ሲያንስ የሚበተነው መጠን ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። 450 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ከ650 ናኖሜትሩ ቀይ ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል ማለት ነው። በወተት ውስጥ ይህን የሚሠራው ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ከ0.05 እስከ 0.3 ማይክሮሜትር ናቸውና ሕጉን ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በደንብ ይቀርቡታል። የቅቤው ጠብታዎች ግን ባልተቀነባበረ ወተት ውስጥ በአማካይ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ስለሚደርሱ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናሉ፤ ውጤቱም ነጭ ነው። ለዚህ ነው ቅባት የሌለው ወተት የተመረጠው። አሬራ ቅቤው ወጥቶለታል ተብሎ ቢሞከር አያዋጣም፤ በኮምጣጣነቱ ምክንያት ኬሲኑ ተጓጉሎ ትላልቅ ቋጠሮ ሆኗል።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ ሞክሩ። ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ከጎን በኩል በመነጽሩ እያያችሁ መነጽሩን አዙሩት፤ ሰማያዊው ጨረር ይደምቃል፣ ይከስማል። ቀይ የሌዘር ጠቋሚ ካላችሁ ደግሞ (ከ5 ሚሊዋት የማይበልጥ፣ ወደ ዓይን ፈጽሞ የማይዞር) ጠቋሚውን በራሱ ዙሪያ አሽከርክሩት፤ ከጎን የሚታየው መስመር በሩብ ዙር ልዩነት ሊጠፋ ይደርሳል። በ90 ዲግሪ የሚበተን ብርሃን አቅጣጫ ይመርጣል። የሌዘሩ ብርሃን አስቀድሞ አቅጣጫ ስላለው፣ በመለኪያ ውስጥ ብታስገቡት አጥብቃችሁ ማሰር አለባችሁ። ጥቂት ዲግሪ ከዞረ ንባቡ ይለወጣል።

በገጠር ይህን ሁሉ ያለ ዕቃ ማየት ይቻላል። ከጎጆ ክዳን የሚወጣ ቀጭን የእንጨት ጭስ ከጥቁር ዛፍ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ነው፤ ያው ጭስ ከፍ ብሎ ብሩህ ሰማይ ከጀርባው ሲሆን ቡናማ ይመስላል። ጭሱ አልተለወጠም፤ መጀመሪያ የተበተነውን ብርሃን፣ ቀጥሎ ከመበተን የተረፈውን አያችሁ።

ለምን 850 ናኖሜትር

ሰማያዊ ይበልጥ የሚበተን ከሆነ በሰማያዊ መለካት አይሻልም ወይ ያስብላል። የወንዝና የሐይቅ ውሃ ግን ከቅጠልና ከአፈር የሟሟ ቡናማ ቀለም ይዟል፤ ያ ቀለም ሰማያዊን ይመጥጣል። ሻይ የመሰለ ውሃ በሰማያዊ ወይም በነጭ ብርሃን ሲለካ ካለው ድፍርስነት ያነሰ ያሳያል። ከቀይ ባሻገር ባለውና ዓይን በማያየው በታህተ ቀይ ብርሃን ግን ቀለሙ የለም ያህል ነው። አይኤስኦ 7027 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት 860 ናኖሜትር ብርሃንና የ90 ዲግሪ ማዕዘን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ኤልኢዲ 850 ናኖሜትር ነው፤ ይበቃል። ከጎኑ በብዛት የሚሸጠውን 940 ናኖሜትር ግን ተዉት፤ ውሃ ራሱ ከ850 ይልቅ ብዙ እጥፍ ይመጥጠዋል። ሁለቱ በመልክ አይለዩም። 850ው በጨለማ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ ፍም ሲያሳይ 940 ምንም አያሳይም፤ በስልክ የፊት ካሜራ ግን ሁለቱም ይታያሉ።

ዳሳሹ ላይ የሚሠራው ስህተት የባሰ ነው። ርካሹና በየሱቁ ያለው የብርሃን ሬዚስተር (ኤልዲአር) የሚያየው አረንጓዴውን አካባቢ ነው፤ ዓይነተኛው ጂኤል5528 በይበልጥ የሚነቃው በ540 ናኖሜትር ነው። ከ850 ናኖሜትር ኤልኢዲ ጋር ካጣመራችሁት ምንም አያነብም፤ ሰውም ሽቦውን ደጋግሞ ይፈትሻል። ከነጭ ብርሃን ጋር ቢሠራ እንኳ ቀርፋፋ ነው፤ ቀደም ሲል ያየው ብርሃንም ለደቂቃዎች ንባቡን ያዛባዋል። ቢፒደብልዩ34 የተባለውን ፎቶዳዮድ ግዙ። ብርሃን የሚቀበለው ገጹ 7.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ በይበልጥ የሚነቃውም በ900 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ልኩ ነው።

ሣጥኑ

ውጫዊ ዲያሜትሩ 32 ሚሊሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ 12 ሴንቲሜትር ቁረጡና ታቹን በክዳን ዝጉ። ውስጡ 25 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ጠፍጣፋ መቀመጫ ብልቃጥ በልኩ መግባት አለበት። ብልቃጡ ከተወዛወዘ ከላይና ከታች በጥቁር ስፖንጅ ቀለበት አጣብቁት።

ቀዳዳዎቹ በትክክል 90 ዲግሪ እንዲሆኑ ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። በቱቦው ዙሪያ የወረቀት ክር ጠቅልሉ፣ ጫፍና ጫፉ በሚገናኙበት ቁረጡ፣ ለአራት እጠፉ፤ እጥፋቶቹ 25 ሚሊሜትር ያህል ተራርቀው ይገኛሉ። መልሳችሁ ጠቅልሉና በእጥፋቶቹ ላይ ምልክት አድርጉ። የቀዳዳዎቹ ቁመት ከብልቃጡ መቀመጫ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ የብልቃጡ ታች የሚያንጸባርቀው ብርሃን ዳሳሹ ውስጥ ይገባል፣ የዘቀጠ አሸዋም ይታያል።

በአንደኛው ምልክት ላይ ኤልኢዲው ይገባል፤ በባዶው ሳይሆን 4 ሴንቲሜትር በሚረዝም ቀጭን ጥቁር ቱቦ ውስጥ፣ ፊቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ክዳን ተሸፍኖ። ይህ ካልተደረገ ኤልኢዲው ብርሃኑን ወደ ብልቃጡ ግድግዳ ሁሉ ይረጫል፤ እናንተም የምትለኩት ውሃውን ሳይሆን መስታወቱን ይሆናል። በሁለተኛው ምልክት፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ፎቶዳዮዱ 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ የብልቃጡን መሐል ብቻ ይይ። በሦስተኛው፣ ከኤልኢዲው ትይዩ፣ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ፦ የብርሃን መቃብር። ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ከ100 እጅ 99 ብርሃን የሆነ ቦታ መሞት አለበት። ግድግዳ ካገኘ ተመልሶ ይመጣል። 6 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ጫፉ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የተዘጋ፣ ውስጡ የጠቆረ ቱቦ አስገቡለት። አራተኛው ምልክት ሳይበሳ ይቀራል።

ስለ ጥቁር ቀለም እንነጋገር፤ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በሾጣጣ ማዕዘን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ የማያብረቀርቀውን ተጠቀሙ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለዓይን ጥቁር የሆነ ነገር ሁሉ ለታህተ ቀይ ጥቁር አለመሆኑ ነው። ብዙ ጥቁር ጨርቆችና ጥቁር ፕላስቲኮች በ850 ናኖሜትር ከግራጫ አልፈው ነጭ ይሆናሉ፤ ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ብርሃኑን ጭራሽ ያሳልፈዋል። ቀለማቸው ከካርቦን ጥላሸት የተሠራ ሲሆን ግን ጥቁርነታቸው በሁለቱም ይጸናል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ክፍሉን አጨልማችሁ ዕቃውን በ850 ናኖሜትር ኤልኢዲ ብቻ አብሩና በስልክ የፊት ካሜራ እዩት። ግራጫ ሆኖ ከታየ አትጠቀሙበት። ነጭ ፒቪሲም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውጭውን በአሉሚኒየም ፎይል፣ በላዩ ላይ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሉት። ለላዩም እስከ ብልቃጡ አንገት ወርዶ የሚዘጋ ክዳን ሥሩ።

ኤሌክትሮኒክሱ

ኤልኢዲውን ከአርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ፒን በ180 ኦም ሬዚስተር አገናኙት፤ ኤልኢዲው ራሱ 1.5 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ከ5 ቮልት 19 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፍበታል።

ፎቶዳዮዱ የሚሰጠው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ጥሩ ውሃ ሲገባ ከአንድ ናኖአምፔር በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ማጉያ ያስፈልገዋል፤ የማጉያው ምርጫም ወሳኝ ነው። በየቦታው ያለው ኤልኤም358 በመግቢያው በኩል በአሥሮች የሚቆጠር ናኖአምፔር ስለሚያፈስ ምልክቱን ይውጠዋል። ኤምሲፒ6002 የሚያፈሰው በፒኮአምፔር ደረጃ ነው፤ እሱን አድርጉ። ከመውጫው ወደ ተገላባጩ መግቢያ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተርና ከእሱ ጎን 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አስቀምጡ። የፎቶዳዮዱ ካቶድ እዚያው ተገላባጩ መግቢያ ላይ ይታሰር።

ማጉያው በአንድ ምንጭ ሲሠራ መውጫው እስከ ዜሮ ቮልት አይወርድም፤ የመጨረሻዎቹን 25 ሚሊቮልት ያህል ይቆርጣል፤ እኛ የምንፈልገው ምልክት ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። መፍትሔው መነሻውን ከፍ ማድረግ ነው። ከ5 ቮልት በ100 ኪሎ ኦም፣ ከመሬት በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፍላችሁ 0.22 ቮልት አውጡ፣ በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አርጉት፤ የማጉያውን ቀጥተኛ መግቢያና የፎቶዳዮዱን አኖድ ሁለቱንም እዚያ ላይ እሰሩ። ንባቡ ከ0.22 ቮልት ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል።

እንዲህ ባለው ሣጥን የ1 ኤንቲዩ ምልክት ቢበዛ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። የአርዱይኖ ኡኖ የራሱ መለኪያ አንድ እርምጃው 4.9 ሚሊቮልት ስለሆነ አይበቃም። 16 ቢት የሆነውን ኤዲኤስ1115 የተባለ የቮልት መለኪያ ጨምሩና መጠኑን 2.048 ቮልት ላይ አድርጉት፤ እርምጃው 0.0625 ሚሊቮልት ይሆናል።

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኤልኢዲውን አብራ፣ 20 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ ለ100 ሚሊሰከንድ እያነበብክ አማካይ ውሰድ። አጥፋ፣ 20 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ እንደገና ለ100 ሚሊሰከንድ አንብብ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንስ። ይህን 20 ጊዜ ደጋግመህ ውጤቶቹን በቅደም ተከተል አሰልፍና የመሐሉን ያዝ። መቀነሱ የ0.22 ቮልቱን መነሻ፣ የማጉያውን መዛባትና በስንጥቅ የሾለከውን የክፍል ብርሃን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። 100 ሚሊሰከንድ የተመረጠው ደግሞ በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልክ 10 ሙሉ ዙር እንዲካተት ነው። አማካይ ሳይሆን የመሐሉ ቁጥር የሚወሰደው፣ አንዲት አሸዋ በጨረሩ ውስጥ ስታልፍ አማካዩን ስለምታፈናጥረው ነው።

10 ሜጋ ኦም ባለበት ቦታ የእጅ ላብና የብየዳ ቅሪት ራሳቸው ሽቦ ናቸው። ሰሌዳውን በአልኮል እጠቡ፣ ከፎቶዳዮዱ እስከ ማጉያው ያለው ሽቦ ከ2 ሴንቲሜትር አይርዘም፣ ሁሉንም ከመሬት ጋር በተገናኘ የብረት ቆርቆሮ ሸፍኑት። በበጋ ደህና የነበረ ንባብ በክረምት ከተንከራተተ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰሌዳው እርጥበት ነው።

ካሊብሬሽን

የዓለም ሁሉ መለኪያ የሚታረመው ፎርማዚን በሚባል ነጭ ፈሳሽ ነው። እሱን ራሳችሁ ለመቀመም አትሞክሩ፤ ከሚሠራባቸው አንዱ ሃይድራዚን ሰልፌት መርዛማ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል ተብሎ ይፈራል። የተዘጋጀውን 4000 ኤንቲዩ ግዙ፤ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በዲስቲልድ ውሃ 100 ብታደርሱት 400 ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ሲደርስ 40፣ ከዚህ ከ40ው 25 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ሲደርስ 10። የቀጠነው በዚያው ዕለት ያገልግል፤ አይደር። ከመለካቱ በፊት ብልቃጡን ደጋግማችሁ በቀስታ ገልብጡት እንጂ አትናጡት።

ዜሮውን በ0.2 ማይክሮሜትር የስሪንጅ ማጣሪያ ባለፈ ዲስቲልድ ውሃ ያዙ። ለምሳሌ ዜሮው 6 ሚሊቮልት፣ 40ው 126 ሚሊቮልት ቢሰጡ ለ1 ኤንቲዩ 3 ሚሊቮልት ደረሰ ማለት ነው፤ 21 ሚሊቮልት ያነበበ ናሙና 5 ኤንቲዩ ነው። ያቺ የዜሮዋ 6 ሚሊቮልት ደግሞ የሣጥናችሁ ውጤት ናት። በምሳሌው 2 ኤንቲዩ ያህል የባዘነ ብርሃን ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ 1 ኤንቲዩን በእርግጠኝነት መለየት ለሚፈልግ ይህ ብዙ ነው። ወደ ቀለሙና ወደ ብርሃን መቃብሩ ተመልሳችሁ ከ1 በታች እስኪወርድ ሥሩበት። በፕሮግራም ቀንሶ መገላገል አይበጅም፤ ብልቃጡ በዞረና በተቀየረ ቁጥር የባዘነው ብርሃን መጠንም ይለዋወጣልና።

ፎርማዚን ካልተገኘ አማራጩ ከታመነ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን መለካት ነው። በከተማ የውሃ አገልግሎት ወይም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከሰዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ የምትለኩትን የዚያኑ ወንዝ አፈር በተለያየ መጠን የበጠበጣችሁባቸውን አምስት ብልቃጦች በሁለቱም መሣሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለኩ። ያ መሣሪያ በባለ ክር አምፖል የሚሠራ ከሆነ በተፈጥሮ ውሃ ላይ ከእናንተ ጋር ሙሉ በሙሉ ላይስማማ ይችላል፤ ሁለቱም በፎርማዚን ቢታረሙ እንኳ። የብርሃኑ ዓይነት የተለየ ከሆነ ቅንጣቱም የተለየ ይታያል፤ ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ ከቁጥሩ ጎን 850 ናኖሜትር ብላችሁ ጻፉ። ወተት አቅጥኖ መስፈሪያ ማድረግ ይቻላል፤ የዛሬን ንባብ ከትናንት ጋር ለማወዳደር ያገለግላል፣ ግን ኤንቲዩ ብላችሁ አትጥሩት።

እስከ 40 ኤንቲዩ ድረስ ንባቡ በቀጥታ መስመር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ የተበተነው ብርሃን ዳሳሹ ጋ ሳይደርስ በሌላ ቅንጣት እንደገና ይበተናል፤ መስመሩም ይጎብጣል። በጣም ሲደፈርስ ደግሞ ጭራሽ ይገለበጥና ውሃው በባሰ ቁጥር ንባቡ ይወርዳል። የጎርፍ ውሃ 60 አነበበ ብላችሁ አትመኑ። ናሙናውን በጥሩ ውሃ እኩል በእኩል አቅጥኑና ድገሙ፤ ንባቡ በግማሽ ካልወረደ ከመስመሩ ወጥታችኋል። ወደ ግማሽ መውረድ እስኪጀምር እያቀጠናችሁ የመጨረሻውን ንባብ በጠቅላላ ማቅጠኛው አባዙ።

ንባቡን የሚያዛቡ

የአየር አረፋ አንደኛ ነው። ከግፊት ቧንቧ የተቀዳ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ በክፍል የሞቀ ውሃ ዓይን የማያያቸው አረፋዎች ያወጣል፤ አረፋ ደግሞ ከአፈር ባላነሰ ይበትናል። ጥሩ ውሃ 3 ወይም 4 ካነበበና በደቂቃዎች ውስጥ እየወረደ ከመጣ አረፋ ነው። ናሙናውን በ50 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግማሽ ድረስ ሳቡ፣ በውስጡ ያለውን አየር አስወጡ፣ አፉን በጣታችሁ ድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ጎትታችሁ ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ አረፋው ሲወጣ ታዩታላችሁ። ከዚያ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ በቀስታ አፍስሱት።

ብልቃጡ ሁለተኛው ነው። የጣት አሻራ፣ ጭረት፣ ከቀዝቃዛ ውሃ የተነሳ ላብ ሁሉም ብርሃን ይበትናሉ። ብልቃጡን በአንገቱ ብቻ ያዙት፣ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉት። በጥሩ ውሃ ሞልታችሁ ቀስ በቀስ እያዞራችሁ ዝቅተኛው ንባብ የሚገኝበትን አቅጣጫ ፈልጉና አንገቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሁልጊዜ በዚያ አቅጣጫ ይግባ። ጥቃቅን ጭረት ላይ በጣም ስስ የሲሊኮን ዘይት ቢቀባና ተወልውሎ ቢወጣ ጭረቱ ይደበቃል። ለዜሮውም ለናሙናውም ያው አንድ ብልቃጥ ይሁን።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። 50 ማይክሮሜትር የሆነ ደለል በሰከንድ 2 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ ብልቃጡን አስቀምጣችሁ ማስታወሻ እስክትይዙ ከጨረሩ ወጥቷል። 2 ማይክሮሜትር የሆነው ግን በሰዓት 13 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል፤ 0.2 ማይክሮሜትር የሆነው በቀን 3 ሚሊሜትር፣ ይህም ውሃው ፍጹም ከረጋ ነው። በጄሪካን ያደረ የጎርፍ ውሃ ታቹ ላይ ጭቃ ጥሎ ላዩ እንደ ሻይ በወተት የሚቀረው ለዚህ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ለመውረድ 100 ቀን ይፈጅበታልና። ስለዚህ ገልብጦ ወዲያው ማንበብና ለ30 ሰከንድ አርግቶ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው። አንዱን ምረጡና ከእሱ አትውጡ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኤንቲዩ ክብደት አይደለም። አንድ ሚሊግራም ደቃቅ ሸክላ ከአንድ ሚሊግራም አሸዋ እጅግ አብልጦ ይበትናል። ቁጥሩን ወደ ሚሊግራም በሊትር የሚለውጥ አንድ ወጥ ማባዣ የለም፤ ለየወንዙ ናሙና አጣርቶ፣ አድርቆና መዝኖ ማግኘት ግድ ነው። ዝቅተኛ ንባብም ውሃው ይጠጣል ማለት አይደለም። ባክቴሪያ በጥቂቱ ቢኖር ብርሃን ላይ ዱካው አይታይም። መሣሪያው የሚናገረው ባክቴሪያ ከክሎሪኑ የሚደበቅበት ጭቃ እንደሌለ ብቻ ነው።

ለጃር ቴስት ሲውል

መሣሪያው ድካሙን የሚመልሰው እዚህ ነው። ለገዳዲንና ገፈርሳን በመሰሉ የገጸ ምድር ውሃ በሚያጣሩ ጣቢያዎች ኬሚካል በግምት አይጨመርም፤ መጠኑ በጃር ቴስት፣ ማለትም ያንኑ ውሃ በተለያየ የኬሚካል መጠን ጎን ለጎን በመሞከር፣ ይወሰናል። ያንኑ በትንሽ ተቋም መሥራት ይቻላል። 10 ግራም አልሙኒየም ሰልፌት (አልም) በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ፤ ከዚህ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ስድስት ባለ 1 ሊትር ማሰሮዎች ውስጥ ያንኑ ጥሬ ውሃ ሙሉና በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ ቀጥሎ 15 ደቂቃ በጣም በቀስታ አማስሉ፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ ጥጥ ሲሆኑ ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ መፍጠን የተያያዘውን መበተን ነው። 30 ደቂቃ አርጉ። ከላዩ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ በስሪንጅ ሳቡና ለኩ።

ስድስቱን ንባቦች በወረቀት ላይ ብታኖሯቸው መጀመሪያ ይወርዳሉ፣ ዝቅተኛ ቦታ ይደርሳሉ፣ ብዙ ጊዜም መልሰው ይወጣሉ። የሚወጡት ኬሚካሉ ሲበዛ አሉታዊ የነበረው የሸክላው ኤሌክትሪክ ወደ አዎንታዊ ተገልብጦ ቅንጣቶቹ እንደገና ስለሚገፋፉ ነው። ውሃ አልጠራ ሲል ኬሚካል መጨመር የተለመደ ነው፤ ዝቅተኛውን ነጥብ ካለፋችሁ ግን እየጨመራችሁ ታደፈርሱታላችሁ። ስድስቱም ምንም ለውጥ ካላሳዩ ፒኤቹን ለኩ፤ እያንዳንዱ ሚሊግራም አልም ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ (ውሃው መኮምጠጥን የሚቋቋምበትን አቅም) ስለሚበላ ለስላሳ ውሃ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ያኔ ጥቂት ኖራ ይፈልጋል። በሽፈራው ዘር የሚሠራ ካለ ያንኑ አካሄድ ይከተል፦ ልጡ የወጣለት ዘር ደቆ በውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ይጣራ፤ መጠኑም በሊትር ከ50 እስከ 150 ሚሊግራም ባለው መካከል ይፈተሽ። ዘሩ በውሃው ውስጥ የሚሟሟ ምግብ ስለሚተው በእሱ የጠራ ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥ።

ከዝናብ በኋላ ጥሬው ውሃ ሲለወጥ ዝቅተኛው ነጥብም ቦታውን ይለቃል። የትናንቱ መጠን ለዛሬው ውሃ አይሆንም፤ ፈተናውን በዚያው ዕለት ድገሙት።